አምስት ሴንቲ ሜትር

«ማሽኑ የት ነው?»

የአንድ ሕመምተኛ ልብ በቆመ ቁጥር በክፍላችን መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ይህ ነው። ማሽን የምንለው የልብን ምት በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን ዲፊብሪሌተር ነው። ሁሉም ዐይኑን ወደ በሩ ይወረውራል። ደሙ እንዲዘዋወር የሕመምተኛውን ደረት በእጁ እየተጫነ ያለውን ሰው ግን ማንም አያየውም። ከአዳር ተረኛነት ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ በዚህ ጠዋት የምጽፈው ስለዚያ ስለማይታየው ሰው ነው።

ማሽኑን ማቃለሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሆስፒታሎች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ልባቸው በኤሌክትሪክ ሊመለስ በሚችል መርበትበት ከቆመ ሕመምተኞች መካከል በ2 ደቂቃ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ካገኙት 39 በመቶ ያህሉ በሕይወት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ከዘገየባቸው ግን የሄዱት 22 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሆኖም ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልባቸው ከሚቆም ሰዎች አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት መርበትበት የላቸውም። ወይ ልባቸው ጨርሶ ጸጥ ብሏል፣ ወይ በሞኒተሩ ላይ መስመሩ እየሄደ ደም የማይረጭ ሆኗል። ለእነዚህ ኤሌክትሪክ አይፈይድም። መንስኤው፣ የደም መፍሰስም ይሁን የኦክስጅን እጥረት ወይም የፖታሲየም መዛባት፣ እስኪገኝ ድረስ ደማቸውን የሚያዘዋውርላቸው የሰው እጅ ብቻ ነው።

ይህን በእጅ የመጫን ዘዴ ያገኙት ሰዎች ራሳቸው ማሽን ሲፈልጉ የነበሩ መሆናቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። ዊሊያም ኮወንሆቨን ሐኪም አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ዲፊብሪሌተር በውሾች ላይ ሲሞክሩ፣ ወጣቱ ባልደረባው ጋይ ኒከርቦከር ከባዱ የማሽኑ መዳፍ ደረት ላይ ሲጫን ኤሌክትሪኩ ሳይለቀቅ በፊት የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን አስተዋለ። ከቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጄምስ ጁድ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 ጽሑፋቸውን አወጡ። ከዚያ በፊት ልብ ሲቆም ሐኪሙ ደረቱን ቀድዶ ልብን በእጁ ይጨምቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት መዳፍ ያለው ሁሉ መሞከር ቻለ።

የተበላሸውም ምናልባት እዚያ ላይ ነው። ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር ማንም እንደፈለገ የሚሠራው መሰለን። መመሪያው የሚለው ሌላ ነው፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከ6 ሳይበልጥ፣ ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ እንዲነሣ ለቅቆ፣ ማቋረጥ ግድ ከሆነም ከ10 ሰከንድ በታች። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት በቺካጎ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የ67 ሕመምተኞች ማነቃቂያ በመሣሪያ ተለክቶ ነበር። ከተለካው ጊዜ ከሲሶ በሚበልጠው ጫናው ጥልቀት አልነበረውም፤ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ደግሞ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ትንፋሽ ከልክ ያለፈ ነበር። የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፣ መሣሪያም ሞልቷቸዋል። ይህን ሳነብ የመጀመሪያ ስሜቴ፣ ይቅር ይበለኝና፣ እፎይታ ነበር።

ማቋረጥ ለምን እንደሚጎዳ ለተለማማጆቹ የማስረዳው በገጠር የውኃ ፓምፕ ነው። ውኃው በመጀመሪያው ግፊት አይመጣም፤ ደጋግመህ ስትገፋ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እጅህን ስታነሣ ወዲያው ወደ ታች ይመለሳል። የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ግፊትም እንደዚሁ በተከታታይ ጫና ይገነባል፣ በአንድ ዕረፍት ይፈርሳል። «አንዴ ቆዩ፣ ምቱን እንይ» ብለን ስንቆም የከፈልነውን ሁሉ እንደገና መክፈል አለብን። ደግሞም ከሁሉ የተሻለው ጫና እንኳ የሚያዘዋውረው ደም ልብ በጤናው ከሚረጨው ሲሶ ቢሆን ነው። ከሲሶ ላይ ምን ይቀነሳል?

ድካም ሌላው ሌባ ነው። ጫናው ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሚጫነው ሰው ግን አይታወቀውም። «አልደከመኝም» የሚለው ጎበዝ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በላይ የደከመው ነው። በየ2 ደቂቃው መቀያየር የተደነገገው ለዚህ ነው። በዐቢይ ጾም ሌሊት፣ ግማሾቻችን ባዶ ሆዳችንን ሆነን፣ ሁለት ደቂቃውም ይረዝማል። አምቡ የምንለውን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት የያዘው ሰውም ፍርሃቱን በእጁ ያወጣዋል፤ በመተንፈሻው ቱቦ ለገባለት ሕመምተኛ በየ6 ሰከንዱ አንዴ መስጠት ሲበቃ፣ ሳያቋርጥ ይጨምቀዋል። አየር የሞላው ደረት ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል።

ከአንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ጋር በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ነው ያደርነው። «ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ። «ነገሩ የሚያልቀው እኛ ሳንደርስ ነው።» ግማሹ ልክ ነው። አብዛኛው ሰው ልቡ ከመቆሙ ከሰዓታት በፊት ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ በቻርቶቻችን ላይ ግን፣ ሳንቆጥር ስለምንጽፈው፣ የሁሉም ሰው አተነፋፈስ በደቂቃ 20 ነው፣ ሲያልፍ ሲያገድም 22። እሱን ማረም ከሺህ ጫና ይበልጣል ቢለኝ አልከራከረውም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በሆስፒታል ልባቸው ከቆመ ሰዎች መካከል በሕይወት የሚወጡት ከአራት አንድ ገደማ መሆናቸውንም አልካድኩትም። ነገር ግን ያው አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች፣ በሕይወት የሚወጡት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 14 በመቶ የነበረው በ2009 ከ22 በመቶ አልፏል። የሰው ልብ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። አሠራር ነው የተለወጠው። ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ ተስማምቶ ይሁን እንቅልፍ ይዞት አላውቅም።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ከበሩ ውጭ የሚጠብቁት አስታማሚዎች ናቸው። ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም፣ ከዚሁ ከሐዋሳ ሰፈሮች የመጡ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ የቆሙ ሰዎች። «የተቻለንን ሁሉ አድርገናል» እንላቸዋለን፣ እነሱም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ያመሰግኑናል። ማንም ከእነሱ ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ብሎ አይጠይቅም። መድኃኒት ካለቀ፣ ማሽኑ ከተበላሸ፣ ሌላ ቦታ እናመካኛለን፤ እውነትም ነው። ለስላሳ ፍራሽ ላይ ስንጫን ግን የሚወርደው ፍራሹ እንጂ ደረቱ አይደለም፤ ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ከሕመምተኛው ጀርባ ሥር የሚገባ አንድ ጠንካራ ጣውላ ነው። እንደ እኔ አጭር ለሆነች ነርስ ደግሞ ክንዷን ቀጥ አድርጋ በሰውነቷ ክብደት እንድትጫን አንዲት በርጩማ። በዚህ ላይ ምን ማመካኛ አለን?

ለግዥ ክፍል ያስገባነው ደብዳቤ መልስ ስላላገኘ ጣውላውንም በርጩማውንም ከባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ከሰፈሬ አናጢ አሠራን። ጣውላው ከድንገተኛ ክፍሉ በር ጀርባ ቆሟል፣ ማንም እንዳይወስደው በቀይ ቀለም ጽፌበታለሁ። በርጩማውን ግን ትናንት ወደ ሥራ ስገባ ካርድ ክፍል አየሁት፤ ጥበቃው ሻዩን ይዞ ተመቻችቶ ተቀምጦበታል። ሰኞ አስመልሰዋለሁ።