አፕል ከመትከላችሁ በፊት ዝርያውን ጠይቁ

ተዳፋት ማሳዬን አፈሩ በየዝናቡ ጥሎት ሲሄድ ከእህል ወደ አፕል ዞርኩ። እርከን ሠራሁ፣ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ። እዚህ ላይ ጉልበት ካለ በቂ ነው። ያቃጠለኝ ችግኙ ነው።

ለደጋ የሚስማማው «አና» የተባለው ዝርያ ነው ተባልን። ልክ ነው። አፕል እምቡጡ እንዲነቃ ብርድ ይፈልጋል፤ ለአና ግን ከ7 ዲግሪ በታች እስከ 300 ሰዓት ብቻ ይበቃዋል። ሬድ ዴሊሸስ የተባለው ዝርያ ከእጥፍ በላይ ይጠይቃል። ችግሩ፣ አፕል በራሱ የአበባ ብናኝ ብቻ በደንብ አያፈራም። እኩል የሚያብብ ሌላ ዝርያ አጠገቡ ይፈልጋል፤ ለአና የተለመደው ዶርሴት ጎልደን ነው። ይህን አንብቤ ስለነበር ችግኝ የሚያድለውን ባለሙያ ዶርሴት ጎልደን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ያው አፕል አይደል እንዴ? ያለው ይሄ ነው፤ ፈርምና ውሰድ» አለኝ።

ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው የተተከለው ብዛት ነዋ! ስለ ፍሬ ማን ይጠይቃል? ሌላ ችግኝ የሚገኝበት ስላልነበረ ፈርሜ ወሰድኩ።

ዛፎቹ ሲያብቡ ኃላፊዎች መጥተው ፎቶ ተነሱ። አበባው ሲረግፍ ግን ከሥሩ የቀረችው ትንሽ እብጠት ቢጫ እየሆነች፣ ጣት ሲነካት ትወድቅ ጀመር። «ማዳበሪያ ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ። ቅርንጫፉ እንደ ጉድ ተመዘዘ፤ ፍሬ ግን ወፍ የለም።

መፍትሔው ከቢሮ አልመጣም። በቀጣዩ አበባ ወቅት ከሌላ ገበሬ ያበበ የዶርሴት ጎልደን ቅርንጫፍ ለመንኩ። አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ውስጥ አድርጌ በዛፎቹ መሃል ሰቀልኩት። የቀረውን ንቦቹ ጨረሱት። ኋላ ላይ በየጥቂቱ ዛፍ ላይ አንድ አንድ የዶርሴት ቅርንጫፍ ቀጥዬ አዳቀልኩ። ንብ ባለበት ሰሞን መድኃኒት የሚረጭ ጎረቤት ካላችሁ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«ማሳውን በሙሉ አፕል አድርጉት» ሲሏችሁ አትስሟቸው። ዛፉ ቢያንስ 2 ወይም 3 ዓመት ያስጠብቃል፤ በረዶ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ያረግፈዋል። አየሩም እየተለወጠ ነው። በህንዷ ሂማቻል ፕራዴሽ ብርዱ ስለቀነሰ የአፕል እርሻው ወደ ተራራው ላይኛ ክፍል እየወጣ ነው። የታችኞቹ ወደ ሌላ ፍራፍሬና አትክልት ዞረዋል። እኔ ሜዳማውን ለእህልና ለድንች ትቼዋለሁ፤ በዚህ ማንም አያስቀይረኝም።

ሌላው፣ ረጅም የብርድ ወቅት በሌለበት ደጋ ዛፉ በራሱ ቅጠሉን አራግፎ አያርፍም። በኢንዶኔዥያዋ ባቱ እንደሚያደርጉት፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ ያስፈልጋል። ሥራው አሰልቺ ነው። ቅጠሉን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጫፍ ሳቡት፤ አለዚያ እምቡጡ አብሮ ይገነጠላል።