ቀዳዳው

ዛሬ ከአጋሮ መንገድ ጅማ የገባሁት መሽቶ ነው። መስከረም ቢጋመስም ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መምጣቱን አልተወም። እጄን ሁለቴ ታጥቤ ጣቶቼን የብረት ሽታ አልለቀቃቸውም። ሳልተኛ ይህን ልጻፈው።

የሄድኩት ወደ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበር። ቀዩ እሸት መግባት የሚጀምርበት ጊዜ ስለ ደረሰ ባለቤቱ የመፈልፈያው ሞተር እንዲታይለት ፈልጎ ነው የጠራኝ። ሞተሩ ደህና ነው። እኔን ያስቆመኝ ግድግዳው ላይ ያለው የብረት ሳጥን ነው። ልከፍተው ስጠጋ፣ የማድረቂያ አልጋ ሲጠግኑ የነበሩ አንዲት እናት ቀና ብለው፦ «ልጄ፣ በእጅህ እንዳትነካው፤ ዝናብ ሲሆን ይነዝራል» አሉኝ። በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም በደረቅ እንጨት ነው። እንጨቱ ለዚሁ ሲባል ከሳጥኑ ጎን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ነገሩን እንደ ጭቃው፣ እንደ ዝናቡ የቦታው ጠባይ አድርገው ለምደውታል። ሰው በውኃና በጭቃ መካከል ባዶ እግሩን የሚሠራበት ቦታ ላይ!

ዋናውን ማቋረጫ አጥፍቼ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመለኪያ አረጋግጬ ከፈትኩት። ገመዱ የገባው በሳጥኑ አናት ነው። ቀዳዳው በመሮ እየተመታ የተከፈተ ሲሆን ጠርዙ በጩቤ እንደ ተቀደደ የጣሳ ክዳን ወደ ውስጥ ተቦጫጭቋል። ግላንድ፣ ማለትም ገመዱን ቀዳዳው ላይ አጥብቆ የሚይዝና ውኃ የሚከለክል ማሰሪያ፣ የለውም፤ የጎማ ቀለበት እንኳ የለውም። ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ይወርዳል። መፈልፈያው በሠራ ቁጥር ግድግዳውም ሳጥኑም ስለሚንቀጠቀጡ ያ ጠርዝ ገመዱን ሲሞርደው ኖሯል፤ የውጭውን ልባስ ጨርሶ የአንዱን ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ልባስ ጀምሮታል፣ መዳቡ ብቅ ብሏል። በደረቅ ቀን ዝም ይላል፤ ሲረጥብ ሳጥኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የመሬት ሽቦ አለው፤ ግን የታሰረው በቀለሙ ላይ ነው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ብሬከሩን የሚያወርደው ነገር አልነበረም፤ ኤሌክትሪኩ የሚነካውን ሰው ይጠብቅ ነበር።

የበለጠ ያናደደኝ የቀረው ሥራ ጥሩ መሆኑ ነው። ሽቦዎቹ በሥርዓት ተሰድረዋል፣ ጫፎቻቸው ጠብቀው ታስረዋል። ሠሪው ሙያ አለው። ቀዳዳውን ግን ሥራ ብሎ አልቆጠረውም።

እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ትራፓኖ ከማንሳታቸው በፊት ገመዱን ይለኩ ነበር። «መጀመሪያ ገመዱን ጠይቀው» ይሉኝ ነበር፤ ያኔ ሥራ ማዘግየት ይመስለኝ ነበር። የገመዱ ውፍረት ግላንዱን ይወስናል፣ ግላንዱ ቀዳዳውን። የዛሬው አራት ሽቦ ያለው አዲስ ገመድ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የመረጥኩለት የ25 ሚሊ ሜትር ግላንድ ነው። መግቢያውን ከአናት ወደ ታች አዞርኩት። ውኃ ሽቅብ አይወጣም፤ ገመዱም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ከተቀለበሰ ጠብታው ከእጥፋቱ ላይ ይወድቃል። የሳጥኑ የታች ሳህን በአራት ቡሎን የሚፈታ መሆኑ ደስ አሰኘኝ። አውጥቼው ደጅ ላይ በሳሁት፤ የብረት ፍቅፋቂ ሞተሩን ወደሚያበሩትና ወደሚያጠፉት መቀያየሪያዎች፣ ወደ ኮንታክተሮቹ፣ አልገባም። ሳህኑ በማይፈታበት ቦታ ውስጡን በጨርቅ እሸፍናለሁ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔትም ከሥር እይዛለሁ። በአየር መንፋት ግን ፍቅፋቂውን ወደ ባሰ ቦታ መስደድ ነው።

ነጥቡን መትቼ በትንሽ ፑንታ ጀመርኩ፤ ከዚያ ደረጃ ባለው ሾጣጣ ፑንታ፣ ጥቂት ዘይት እየቀባሁ፣ በዝግታ። ለዚህ ስፋት በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ዙር በቂ ነው፤ ብረቱ ከጮኸ ፑንታው እየተቃጠለ ነው። የኔው ፑንታ ከ24 ወደ 26 ይዘላል። 26 ደግሞ ለዚህ ግላንድ ይሰፋዋል። ስለዚህ 24 ላይ ቆሜ የቀረችውን በግማሽ ክብ ሞረድ ጨረስኳት። ሁለቱንም ፊት ጣቴን ምንም እስከማይዘው ድረስ ሞርጄ፣ የተራቆተውን ብረት ፀረ ዝገት ቀባሁት። የመሬቱ ሽቦ የሚያርፍበትን ቦታ ግን እስኪያብለጨልጭ ፋቅኩት። ከሳጥኑ አካል እስከ መሬት ሽቦው ስለካ ከ1 ኦም በታች አነበበልኝ። የአናቱን ቀዳዳ ከሥሩ ጎማ አድርጌ በላሜራ ደፈንኩት።

ስሞርድ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። በሌላ ቦታ ሦስት ወፋፍራም ነጠላ ሽቦዎችን በሦስት የተለያዩ ቀዳዳዎች፣ እያንዳንዱን በጥሩ ግላንድ፣ አሳምሬ አስገብቼ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሳህኑ እጅ የማያስነካ ትኩስ ሆነ። የላላ ማሰሪያ ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀሁ፤ አንድም አልነበረም። ጋሼ መጥተው አንዴ አይተው፦ «ለየብቻ አሰርካቸው» አሉ። ሞገዱ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ በእያንዳንዱ ሽቦ ዙሪያ ያለው መግነጢሳዊ ኃይል የከበበውን ብረት ያግለዋል። ሦስቱ ፌዞች በአንድ ቀዳዳ ሲያልፉ ግን አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ብረት በመጋዝ እንድከፍት አዘዙኝ፤ በኋላም ሳህኑን በአልሙኒየም ለወጥነው። ያ ቀን ዓይኔን ከፈተው።

ከመሄዴ በፊት ኤሌክትሪኩን መልሼ፣ መፈልፈያውን አስነስቼ፣ በሳጥኑ ላይ ውኃ ረጨሁ። በመለኪያ አየሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ መዳፌን ሙሉ በሙሉ አሳረፍኩበት። «አሁን ይንኩት፣ እማማ» አልኳቸው።

እጄን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ። «እግዜር ይስጥህ» ብለው እንጨቱን ከሚስማሩ አወረዱና በሩን በእሱ ዘጉት። ምንም አላልኩም። እሸቱ ሲገባ ተመልሼ አያቸዋለሁ።