ጣት እንጨት የማይነካበት ጊታር

የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የፌንደር የጃፓን ሽርክና የነበረው ፌንደር ጃፓን፣ በዲፕ ፐርፕል የሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋችነቱ በሚታወቀው በሪቺ ብላክሞር ጊታር አምሳል የሠራው ስትራቶካስተር (የፌንደር የኤሌክትሪክ ጊታር ዓይነት) በሰብሳቢዎች ዘንድ «ኤስቲ72-145አርቢ» በተባለ መለያ ይታወቃል። መለያውን ማንበብ ለሚችል ሰው የጊታሩ ታሪክ ግማሹ እዚያው ላይ አለ። «ኤስቲ» ስትራቶካስተር ማለት ነው፤ «72» አምሳሉ የተወሰደበትን የ1972ን አሠራር፣ «145» በጃፓን የተተመነለትን 145,000 የን፣ «አርቢ» ደግሞ የሙዚቀኛውን ስም መነሻ ፊደላት ያመለክታሉ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋጋውን በስሙ ላይ ተሸክሞ የሚዞር ዕቃ ከፌንደር ጃፓን ጊታሮች ሌላ አላውቅም። እኔ ዘንድ የሚገኘውን ወንድሜ ቶኪዮ ውስጥ ኦቻኖሚዙ ከተባለው የጊታር ሱቆች ሰፈር ያገለገለ ገዝቶ ደብረ ማርቆስ ድረስ አመጣልኝ።

ፌንደር በ1982 ካንዳ ሾካይና ያማኖ ጋኪ ከተባሉ የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ጋር ተሻርኮ ፌንደር ጃፓንን ያቋቋመው ወዶ አልነበረም። እንደ ግሬኮና ቶካይ ያሉ የጃፓን ምርቶች የአሜሪካውን ጊታር ከቅርጹ እስከ ብሎኑ እየቀዱ፣ አንዳንዴም ከዋናው አሳምረው እየሠሩ ገበያውን ስለተሻሙት ነው። የመጀመሪያዎቹ የፌንደር ጃፓን ጊታሮች ማትሱሞቶ በሚገኘው የፉጂጄን ፋብሪካ የተሠሩ ሲሆን፣ ተከታታይ ቁጥራቸው «ጄቪ» በሚሉ ፊደላት የሚጀምረው ዛሬም ድረስ ይታደናሉ። የብላክሞሩ ሞዴል የመጣው ዘግይቶ በ1990ዎቹ ነው። የብላክሞሩ ሞዴል የአንገቱ እንጨት ተፍቆ የጎደጎደ ነውና፣ ገዢ ሊጠነቀቅ የሚገባው የተራውን ስትራቶካስተር አንገት በሞረድ ፍቀው የብላክሞር ነው ብለው ከሚሸጡት ነው፤ የእጅ ሞረድ ጥልቀቱን እኩል ስለማይጠብቅ አንገቱን በብርሃን ላይ አጋድሞ ማየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ስለ መካከለኛው ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ብዙ የሚባል ነገር የለም። ብላክሞር ስለማይጠቀምበትና ክር የሚመታበትን ፒክ ስለሚያሰናክልበት ወደ ታች አጥብቆ አስምጦት ነበር፤ ጃፓኖቹም ይህንኑ ጠብቀው በቦታው ድምፅ የማይሰጥ ባዶ ሽፋን አስቀመጡ።

ሰብሳቢ የሚፈልገው ስሙን ነው፤ እኔን የማረከኝ ግን አንገቱ ነው። በየሁለቱ ፍሬት (አንገቱን አግድም የሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች) መካከል ያለው እንጨት ወደ ውስጥ ተፍቆ ስለጎደጎደ፣ ክሩን የሚጫነው ጣት ፍሬቱን እንጂ እንጨቱን አያገኝም። ጣት ከእንጨት ጋር ስለማይፋተግ ክሩን ወደ ጎን መሳብና ድምፁን ማርገብገብ እጅግ ይቀላል፤ በአንጻሩ ጠንከር አድርጎ የተጫነ ሰው ክሩ ወደ ጉድጓዱ እየሰጠመ ድምፁ ከቅኝቱ በላይ ይወጣበታል። በባንድ የሚጫወቱ ጓደኞቼ ይህን ጊታር ሲይዙ መጀመሪያ የሚሉት «ቅኝቱ ጠፍቷል» ነው። የጠፋው ቅኝቱ ሳይሆን የእጃቸው ልክ እንደሆነ የሚገባቸው ቆይተው ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት አዝማሪ ግን እንዲህ አላሉም። አንገቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ይኼንን እንደ አሞሌ የላሰው ማን ነው?» ብለው ከሳቁ በኋላ ቀጭኗን ክር ነካ ቢያደርጓት ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ሆን ብለው የተጠበቡበት አይመስለኝም። በማሲንቆ የፈረስ ጭራው ክር ከአንገቱ እንጨት ርቆ በአየር ላይ ስለሚወጠር፣ ጣት ክሩን ብቻ ይነካል እንጂ ወደ እንጨቱ አይጫንም። ዕድሜውን በዚህ አያያዝ ያሳለፈ እጅ ክብደቱ አስቀድሞ የተመጠነ ነው። «ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸውና በዚያችው በአንዲት ክር ላይ ትዝታን እየፈለጉ ወደ ላይና ወደ ታች ተመላለሱባት፤ ፍሬት ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን ያጨፈግጉ ነበር። ድምፅን በደረጃ የሚቆራርጥ ብረት መካከል ገብቶባቸው እንዴት ደስ ይበላቸው?

ቅሬታቸው ተገቢ ነው። በአዝማሪ እጅ የሚወጣው አንቺ ሆዬ ሁልጊዜ በፍሬት ልክ አይቀመጥም፤ አንዳንዱ ድምፅ ከፍሬቱ ጥቂት ዝቅ፣ ሌላው ጥቂት ከፍ ይላል። የማሲንቆ ጣት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንደልቡ ይንሸራተታል። የተጎደጎደው አንገት ግፊትን በመጨመር ድምፁን ከፍ ለማድረግ ይፈቅዳል እንጂ ከፍሬቱ በታች ማውረድ አይችልም፤ ስለዚህ የጃፓኑ ጊታር ለእኛ ዜማ ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። ግማሹም ቢሆን ከተራው አንገት ይሻላል ባይ ነኝ። አንቺ ሆዬን ስጫወት ቀጭን ክር እጠቀምና ዜማው የሚያርፍባትን ክር ከሚገባት ጥቂት ዝቅ አድርጌ እቃኛለሁ፤ ወደ ቦታዋ የማደርሳት፣ ሲያስፈልግም ከቦታዋ በታች የምተዋት፣ በጣቴ ግፊት ነው።