የአንዲ ግሮቭ የአንድ ለአንድ ውይይት፦ እንዴት እንደምሠራበት

አንዲ ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካው የኮምፒውተር ቺፕ አምራች ኢንቴል ሲመሠረት አብሮ የገባ፣ ከ1987 እስከ 1998 በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመራው ሰው ነው። ስሙ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰው በ1985 ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከጎርደን ሙር ጋር ኢንቴልን መረጃ ከሚይዘው ሜሞሪ ቺፕ አውጥቶ የኮምፒውተር አንጎል በሆነው በማይክሮፕሮሰሰር ላይ ያተኮረበት ውሳኔ ነው። በእኔ እምነት ግን ለማንኛውም አለቃ የሚጠቅመው ውርሱ ከሠራተኛ ጋር ለብቻ ተቀምጦ መነጋገሩ ነው።

ውይይቱ የሠራተኛው ነው፤ አጀንዳውም ከእሱ ይመጣል። ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲልክልኝ አደርጋለሁ፤ ሲጽፈው ራሱ ያስብበታል። ጊዜው ከአንድ ሰዓት አያንስም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው ቶሎ የሚያልቀውን ጉዳይ ብቻ ያነሣል፤ ከባልደረባ ጋር ያለ ቅራኔ ወይም ሥራ የመልቀቅ ሐሳብ ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ባዶ እተዋቸዋለሁ። ሁለታችንም ማስታወሻ እንይዛለን። አስቸኳይ ያልሆነ ጥያቄ በሁለት ውይይቶች መሀል ቢመጣብኝ በየሰዓቱ ሄጄ ሠራተኛውን ከሥራው አላቋርጠውም፤ ጽፌ ለውይይቱ አቆየዋለሁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በድግግሞሹ ነው። ግሮቭ የሚመዝነው የአገልግሎት ዘመንን ሳይሆን ሰውየው ለያዘው ሥራ ያለውን ልምድ ነበር። 10 ዓመት ኮድ የጻፈ ባለሙያ ቡድን መምራት ሲጀምር በየሳምንቱ እንገናኛለን፤ በነባር ሥራው ላይ ሳለ ግን በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃው ነበር። ምክንያቱን አስቀድሜ ካልነገርኩት እምነት እንዳጣሁበት ይቆጥረዋል።

ውይይቱን የሚገድለው የሥራ ሪፖርት ማቅረቢያ መሆኑ ነው። ሪፖርቱ በጽሑፍ ይምጣ። የሰው ብዛትም ገደብ አለው፤ ከ8 በላይ ሰዎች በቀጥታ ተጠሪ ከሆኑ ቀጠሮው መሰረዝ ይጀምራል።

በ1994 ፔንቲየም በተባለው የኢንቴል ማይክሮፕሮሰሰር ላይ የማካፈል ስሌት ስህተት መኖሩ ሲታወቅ ኢንቴል መጀመሪያ ቺፑን እቀይራለሁ ያለው ስህተቱ እንደሚጎዳቸው ለሚያሳዩ ደንበኞች ብቻ ነበር። ቁጣው ሲበረታ ለጠየቀ ሁሉ ለመቀየር ተገደደ፤ ወጪውም 475 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ግሮቭ ከዚያ በኋላ አጥብቆ የተናገረው ለውጥን ቀድመው የሚያዩት ከደንበኛ ጋር የሚውሉት ሠራተኞች መሆናቸውን ነው። እኔም ከሽያጭና ከደንበኞች አገልግሎት ሰዎች ጋር ስቀመጥ «ደንበኛው በዚህ ሳምንት ምን አለ?» ብዬ እጀምራለሁ፤ መልሱንም ሳላሳጥር፣ በተናገሩበት ቃል እጽፈዋለሁ።