20 ሜትር የፍሬን ምልክት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው?

ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2084 የሚነሳው ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት ሆነዋል ከሚል ግምት ነው፤ ኪሳራውን ባለንብረቶቹ ግማሽ በግማሽ ይሸከማሉ። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ባለሙያ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚጠይቀውም የፍሬን ምልክቱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው መንገዱ ላይ የሚተወውን መስመር) ርዝመት ነው።

ከምልክቱ ርዝመት ፍጥነቱን ማስላት ከባድ አይደለም። 254ን በመንገዱ የሰበቃ ቁጥር (መንገዱ ጎማውን ምን ያህል እንደሚይዝ በሚያሳየው ቁጥር) እና በምልክቱ ርዝመት (በሜትር) ያባዙና ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፤ መልሱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። ደረቅ አስፋልት 0.7 ገደማ ስለሆነ 20 ሜትር ምልክት ወደ 60 ይሰጣል። አስፋልቱ ረጥቦ ሰበቃው 0.4 ከሆነ ግን ያው 20 ሜትር 45 ብቻ ነው። የትራፊክ ፖሊስ በሚያነሳው የአደጋ ፕላን ላይ «መንገዱ እርጥብ ነበር» የምትለዋ ቃል ከተዘነጋች ሾፌሩ ያልነዳው 15 ኪሎ ሜትር ይጫንበታል። 5 በመቶ ቁልቁለት ከሰበቃው 0.05 ይቀንሳል፣ ዳገት በተቃራኒው ይጨምራል።

ልኬቱም ያሳስታል። የፊትና የኋላ ጎማ ምልክት ተደራርቦ ከሆነ፣ ከኋላ ጎማው መነሻ እስከ ፊት ጎማው መቆሚያ የተለካው ርዝመት በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ይጨምራል፤ እሱ መቀነስ አለበት።

60 የሚሆነው መኪናው ምንም ሳይመታ ከቆመ ነው። ምልክቱ ጫፍ ላይ በ30 መትቶ ከሆነስ? ብዙዎች 90 ይላሉ። የሚደመረው ግን የፍጥነቶቹ ስኩዌር ነው፦ 3600 እና 900፣ 4500፤ ሩቱ 67። ከ90 ጋር ያለው ልዩነት አንድን ክርክር ሊገለብጥ ይችላል።

«ድንገት ገባብኝ» ለሚል ሾፌር ደግሞ፣ በ60 የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ፣ በ1.5 ሰከንድ ውስጥ፣ 25 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አደጋውን ያየው ምልክቱ ከሚጀምርበት 25 ሜትር ቀደም ብሎ ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ያለው መኪና ምልክቱ ደብዛዛ ነው፣ አንዳንዴም የለም፤ ምልክት አለመኖሩ ፍሬን አልተያዘም ማለት አይደለም።

የሌሊት ግጭት ከሆነ የተሰበረውን አምፖል አትጣሉት። በርቶ የተመታ አምፖል ሽቦው ግሎ ስለነበር ይለጠጣል፣ ይጣመማል፤ ጠፍቶ የተመታው ግን ቢበጠስም አይለጠጥም። ኤልኢዲ ላይ ይህ አይሠራም። መኪናው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት አምፖሉን ከነሶኬቱ ፎቶ አንስታችሁ ለብቻ አስቀምጡት።