ቬጋስ ዛሬ አቧራ ለብሳ ዋለች

ከሰዓት በኋላ የሁላችንም ስልክ በአንዴ ጮኸ፦ ኃይለኛ ንፋስና ነጎድጓድ እየመጣ ነው። ብዙም አልቆየ፣ ቡናማ አቧራ እንደ ግንብ ተነስቶ መጣ። ከፊቴ የነበረው ታክሲ ጭራሽ ጠፋኝ።

ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በጁላይና ኦገስት ግን ከመጣ ጉድ ነው። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይመጥም። ተራራው ላይ የዘነበው፣ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አደራ! አቧራው ከያዛችሁ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡ። መብራት አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ እግራችሁን ከፍሬኑ አንሱ። የኋላ መብራታችሁን ያየ ሰው መንገድ መስሎት ተከትሎ ይገጫችኋል። ውሃ የሸፈነው መንገድ ላይም በፍጹም አትግቡ። ማስጠንቀቂያው እስካሁን አልተነሳም፤ ማታ ሥራ የምትገቡ ደውሉልኝ።