የ9ኛ ሲ ተማሪዎች አቤቱታ

ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ የ9ኛ ሲ ተማሪዎች በሉክ ወረቀት የተጻፈ አቤቱታ አቀረቡልኝ። አቤቱታው ከውጭ አገር በበጎ ፈቃድ መጥታ እንግሊዝኛ የምታስተምራቸውን መምህርት የሚመለከት ነበር። «ቲቸር ደግ ናቸው፤ ነገር ግን ያጫውቱናል እንጂ አያስተምሩንም፤ ስንሳሳትም አያርሙንም» ይላል። ከሥሩ የክፍሉ አለቃ ፈርሞበታል።

ለጎጃም ተማሪ የውጭ ዜጋ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ የላከው በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሆን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ በእነዚያ ሰዎች እጅ ተምረው ያደጉ አንድ አንጋፋ ባልደረባ ነበሩን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት ይተላለፍ በነበረው የፕላዝማ (የቴሌቪዥን) ትምህርት አማካይነት የውጭ ሰው ድምፅ በየክፍሉ ገብቷል። ሆኖም የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር እንጂ ተማሪውን «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ አይን አይኑን አያየውም ነበር። ይህቺ መምህርት ግን ታይ ነበር፤ ጭንቀቱም የመጣው ከዚያ ነው።

መምህርቷ ወደ ውጭ አገር ወጥተው እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚፈልጉ ሰዎች የሚወስዱትን ዓይነት አጭር ሥልጠና ወስዳለች። የታወቁት ሥልጠናዎች በሙሉ ቀን ሲወሰዱ አራት ሳምንት ገደማ የሚፈጁ፣ 120 ሰዓት አካባቢ የሚይዙ ሲሆኑ፣ የተግባር ልምምዱ የሚደረገውም አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ በሚማሩ ጥቂት ጎልማሶች ፊት ነው። እዚያ የተማረችው ተማሪ በሚናገርበት ጊዜ እንዳይቋረጥ፣ ስሕተቱም በየቃሉ እንዳይለቀም ነበር። ትምህርቱ ሐሰት አይደለም። ችግሩ 9ኛ ሲ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ ከ70 በላይ ተማሪዎች ያሉበት ክፍል መሆኑ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲነጋገሩ ስታዝዛቸው የሚነሣው ድምፅ በቀጭኑ ግድግዳ አልፎ ኬሚስትሪ የሚያስተምረውን ባልደረባችንን ያስቆጣዋል፤ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛው ከግማሽ በታች ነው።

በአቤቱታው ላይ ለመነጋገር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርቷን፣ የክፍሉን አለቃ፣ አንዲት ተማሪና በዕድሜ ከጓደኞቹ ከፍ የሚለውን አንድ ተማሪ ጠራሁ። ይህ ተማሪ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማር የቆየ ዲያቆን ነው። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

የክፍሉ አለቃ ያለ ብዙ መግቢያ ጉዳዩን ተናገረ። በዚያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ገና አልቀረም ነበርና፣ «ቲቸር፣ ፈተናው ላይ ንግግር የለም፤ ያለው ምርጫ ነው። ሀ ወይም ለ ብለን የምናጠቁርበትን ነገር ነው የምንፈልገው» አላት። ልጁ እውነቱን ነው። መሰናዶ የሚገባውና የማይገባው በዚያ ወረቀት ይለይ በነበረበት አገር፣ ተማሪን «ለፈተና አትጨነቅ» ማለት ስንቁን ተሸክሞ በየሳምንቱ ከገጠር ለሚመላለስ ልጅ ቀልድ ነው የሚመስለው። መምህርቷ በበኩሏ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ፣ ቋንቋውን ካልደፈሩት ሌላውም ትምህርት እንደሚያመልጣቸው፣ በየቃሉ ካረመቻቸው ደግሞ ከነጭራሹ አፋቸውን እንደማይከፍቱ አስረዳች። እርሷም እውነቷን ነው።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረው ዲያቆን ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «የኔታ ዘንድ እኮ ስንታረም አፋችን አልተዘጋም» አለ። ቀጥሎም ሥርዓቱን አስረዳ። ጀማሪ የሚነሣው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ከጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ፣ ብዙ ቆይቶ ነው። ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ ከዚያ ተመልሶ በጓደኞቹ ፊት ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ግሱ ካልገጠመ፣ አገባቡ ከተዛነፈ እዚያው ያርሙታል፤ ካልሆነም ሄዶ እንዲቆጥር ይመልሱታል። መምህርቷ ይህን ስተረጉምላት ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች፤ ቀና ብላም «የሚያፍር ተማሪስ?» ስትል ጠየቀችው።

«ያፍራል» አለ። «ግን ጎበዙም ይታረማል። ሁሉም ስለሚታረም ማንም ተለይቶ አይዋረድም።»

የአብነት ትምህርት ቤትን ለዘመኑ ትምህርት ችግር ሁሉ መድኃኒት አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች እኔን ያሰለቹኛል፤ ያን ቀን ግን የተባለው ነገር ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ነበር። ተስማሙ። ከክፍለ ጊዜው የመጀመሪያው ክፍል እንደ ቀድሞው ያለ እርማት በነፃ የሚነጋገሩበት እንዲሆን፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ በዕለቱ ተራው የደረሰው ረድፍ ተማሪዎች አስቀድመው ያዘጋጁትን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ቆመው እንዲናገሩ፣ ክፍሉ እንዲያርም፣ የመጨረሻው ቃል የመምህርቷ እንዲሆን ተወሰነ።

የመጀመሪያው ሳምንት መጥፎ ነበር። ተማሪው እርማትን ለማሳቂያ አዋለው። ከርቀት ቀበሌ የመጣች አንዲት ልጅ ግሷ ላይ ስትሳሳት ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት፤ መምህርቷም ትምህርቱን አቋርጣ ወጣች። እንደገና ስንነጋገር የተጨመረው ደንብ ነው ነገሩን ያቃናው፦ የሚያርም ሰው ምክንያቱን መናገር አለበት። «ተሳስታለች» ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ ግሱ ለምን መለወጥ እንዳለበት፣ ባለቤቱ ነጠላ ይሁን ብዙ፣ ድርጊቱ ያለቀ ይሁን ያላለቀ ተቆጥሮ መነገር አለበት። ምክንያት የሌለው ሳቂ ዝም አለ። ለፈተናው ሲጨነቁ የነበሩትም በምርጫ ጥያቄ ላይ የሚመጣውን ሰዋስው በገዛ ዓረፍተ ነገራቸው ላይ እየተከራከሩበት መሆኑን አይተው ቅሬታቸው በረደ። ሴቶቹን በተመለከተ መምህርቷ ለብቻ የመቆም ግዴታውን አንሥታ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲናገሩ ፈቀደችላቸው፤ ከኋላ ዴስክ የተቀመጡት ብዙዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸው ሳይሰማ አለፉ።

ሌላው ማስተካከያ ከቤት አከራይዋ ጋር ቡና ስትጠጣ ያገኘችው ነው። ዓርብ የምትሰጠው የቤት ሥራ ለምን ሳይሠራ እንደሚመጣ ሲያስቸግራት ቆይቶ ነበር። በግቢው የተከራዩት ተማሪዎች ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ስንቅ ለማምጣት በእግራቸው ወደየአገራቸው እንደሚሄዱ፣ ቅዳሜና እሑድ በእርሻውም በከብቱም ሥራ እንደሚውሉ ሴትዮዋ ነገሯት። ዓረፍተ ነገሮቹን ማዘጋጀት ከዚያ በኋላ ለሰኞና ለማክሰኞ ምሽት ተዛወረ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ክፍላችን ከተከታታይ ምዘናው 10 ማርክ ለዚህ እንዲያዝ ወሰነ፤ «70 ተማሪ ማን አዳምጦ ይጨርሳል?» ያሉ ባልደረቦች ስለነበሩ ማርኩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ረድፍ በረድፍ እንዲያዝ ተደረገ። በ9ኛ ዲ ስንሞክረው ግን የባሰ ጊዜ ወሰደ። በዚያ ክፍል አገባብ መጠየቅ የለመደ፣ «በምን ምክንያት?» ብሎ የሚነሣ ተማሪ አልነበረም፤ ስለዚህ መምህሩ ራሱ ለብዙ ሳምንታት በየዓረፍተ ነገሩ ምክንያት እየሰጠ ማሳየት ነበረበት። መምህርቷም አገሯ ከመመለሷ በፊት በጻፈችልን የሥራ ማስታወሻ ላይ፣ ይህን ሥርዓት በአዲስ ክፍል የሚጀምር መምህር የመጀመሪያውን ወር እርማት ለማስተማር ብቻ እንዲመድበው አሳስባለች።